በትከሻ ወደ ቡሬ የገባ ቤት

የምጽፈውን ነገር ከየት እንዳገኘሁት አስቀድሜ መናገር ይገባኛል። በአብዛኛው የምተማመነው በራሴ ትውስታ ነው፤ እሱም ከእኔው ጋር እኩል ያረጀ ስለሆነ እንደ ጉልበቴና እንደ ዓይኔ ደክሟል። የጎደለውን ባለቤቴ ትርንጎ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በሕይወት ሳለች ስትተርከው ከሰማሁት እሞላዋለሁ። ትርንጎ ግን ይህን ታሪክ በየዓመት በዓሉ ለልጆቿ ስትነግር የኖረች ሴት ናት፤ በየጊዜው ጥቂት ጨው ጣል ሳታደርግበት አትቀርም ነበር። አባቷ አያ ተገኘም የበኩላቸውን ይናገሩ ነበር፤ የእሳቸው ቃል ከልጃቸው ቃል ጋር በአንድ ነጥብ ላይ ፈጽሞ አይገጥምም፤ ያን ነጥብ ስደርስበት አመለክታለሁ። የተጻፈ ማስረጃ የለኝም። ዓመቱንም ለይቼ አልጠቅስም፤ ጣሊያን ቡሬ ገብቶ ከተደላደለ በኋላ፣ ለቆም ከመሄዱ በፊት እንደ ነበረና ክረምት ሊገባ የተቃረበበት ወራት እንደ ነበረ ብቻ አረጋግጣለሁ። ዘመኑ ለብዙ ሰው የመከራ ዘመን ነበር፤ ያንን በሚገባ የጻፉ አሉ፤ የሚጽፉም ይኖራሉ። እኔ የምጽፈው በዚያ ዘመን መካከል ሆድ እስኪያመን ስለ ሳቅንበት ስለ አንድ ቀን ነው።

ወደ ኋላ የመለሰኝ አንድ የባሕር ዳር ደላላ ነው። የልጅ ልጄ ሜሮንና ባሏ የሚገዛ ቤት ሲፈልጉ ከርመዋል። የአዲሶቹ ቤቶች ዋጋ የሚቀመስ አልሆነም፤ ስለዚህ አሮጌ ቤት ገዝቶ ማደስ ይሻላል ብለው ቆረጡ። «አባባ፣ የአሮጌ ነገር ዐዋቂ እርስዎ ነዎት፤ ይምጡና ይዩልን» አለችኝ። ምስጋና ይሁን ስድብ ሳላጣራ ከዘራዬን ይዤ ተከተልኋት። ደላላው ከሐይቁ ብዙም የማይርቅ አንድ ቤት ወሰደን፤ ዝገት የያዘውን በር በትከሻው ገፋ ሲያደርገው ከውስጥ የወጣው ሽታ አፍንጫዬን መታው፤ ጢስ የጠጣ እንጨት፣ ከጭድ ጋር የተቦካ የቆየ ጭቃ፣ ጥቂትም የዓይጥ ሽታ ነበረው። ደጃፉ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሜሮን ግን በትምህርት ቤት የሠለጠነች ናትና ሽታውን ትታ ስለ ቦታው ጠየቀች። ደላላውም፣ «ቤቱማ የእናንተው ነው፤ ቦታው እንኳ ያው እንደምታውቂው የመንግሥት ነው» አላት። ይህን ጊዜ ሳቅ ያዘኝ። የሚያስቀምጠኝ ሰው እስኪያስፈልገኝ ድረስ ሳቅሁ። «አባባ፣ ምን ሆኑ?» ብላ ደነገጠች። «ምንም አልሆንሁ። እኔም ድሮ እንዲህ ያለ ቤት ገዝቼ ነበር» አልኋት። ያን ዕለት በጥቂቱ የነገርኋትን አሁን በሰፊው ልጻፈው።

ትርንጎን ካገባሁ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። ከቅኔ ቤት ወጥቼ በአባቴ አገር የሠራኋት ጎጆ በዚያ ሰሞን በነበረው ሁከት ተቃጠለች፤ ማን እንዳቃጠላት እዚህ ላይ አልመረምርም። ትርንጎ ወደ አባቷ ቤት፣ ዛሬ ፍኖተ ሰላም በምንለው ከተማና በጅጋ መካከል ወዳለው ገጠር ተመለሰች። እኔ ደግሞ ቡሬ ከአንድ ደብር የማገልገልና ፊደል የማስቆጠር ሥራ አገኘሁና በመምህሬ በየኔታ ጎጆ፣ ከተማሪዎቻቸው ጋር ተደራርቤ አድር ጀመር። ትርንጎ ነፍሰ ጡር ነበረች። አንድ ቅዳሜ ልጠይቃት ሄጄ አያ ተገኘ በራፋቸው ላይ ተቀምጠው ጅራፍ ሲገምዱ አገኘኋቸው።

«ደብተራ፣ ቤት አገኘህ ወይ?» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

«እየፈለግሁ ነው፣ አያ።»

«ፈልግ። ግን አዲስ ቤት እንዳታመጣብኝ። ጭቃው ያልደረቀ ቤት ውስጥ አራስ አትተኛም፤ ብርድ ይገባታል። ጢስ የጠጣ፣ ሰው የተወለደበት ቤት አግኝተህ ክረምት ሳይገባ ና፣ ልጄን ውሰድ። ዝናቡ ከቀደመህ ግን እዚሁ እኔ ጋ ትወልዳለች፤ አንተም መስከረም ላይ መንገዱ ሲደርቅ መጥተህ ልጅህን ታያለህ።»

ከጎታው ጀርባ የትርንጎ ድምፅ ተሰማ። «መስከረም ሩቅ ነው።»

«ለማን ነው የራቀው?» አሉ አያ ተገኘ።

«ለደብተራው ነዋ! እኔማ እናቴ ቤት ገንፎዬን እየበላሁ ነው።»

አያ ተገኘ ሳቃቸውን ሊውጡ ፊታቸውን ወደ ከብቶቹ አዞሩ። እኔ ግን ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ዐውቄ ነበር የተመለስሁት። ክረምት ከገባ ወንዞቹ ይሞላሉ፤ ቡሬና የትርንጎ አገር ይለያያሉ፤ የመጀመሪያ ልጄ ሲወለድ አራሷ የምትሞቅበት እሳት ዳር እንኳ አልደርስም።

የዚያን ጊዜዋን ቡሬ ዛሬ በአስፋልት ለሚያልፍባት ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። ድሮም የገበያ አገር ናት፤ ከዓባይ ማዶ ቡናና ማር የጫኑ ነጋዴዎች ያድሩባታል። ጦሩ ከሰፈረባት በኋላ ግን እንደ እርሾ ያለ ነገር ገባባት። መንገድ ሠራተኛው፣ ግንበኛው፣ ካሚዮን ነጂው፣ አስካሪ የሚሉት ለጣሊያን ያደረው ጥቁር ወታደር ከነሚስቱ፣ የጦሩ ልብስ አጣቢው፣ እንቁላልና ዶሮ አቅራቢው ሁሉ ማደሪያ ይፈልጋል። አንድ ዶሮ ቀድሞ በስንት እንደሚሸጥ ስንከራከር እኔና ትርንጎ ተስማምተን አናውቅም፤ በዚያ ሰሞን ግን ዋጋው ወደ ላይ ወጥቶ ወጥቶ ባለዶሮዋ ራሷ ስትናገረው ታፍር እንደ ነበር ሁለታችንም እናስታውሳለን። የወረቀቱን ገንዘብ ባላገር አይቀበልም፤ ጠገራ ብር ይላል፤ ጠገራውንም ድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን ያዳምጣል። ሴቶቹ አዲስ የመጣውን አበባ ያለበት ጨርቅ ለብሰው በነጠላቸው ይሸፍኑታል፤ እንዲታይም እንዳይታይም ይፈልጋሉ። የሳልሳ ጣሳ ኩባያ ሆነ፤ ጋሌጣ የሚሉት ደረቅ ብስኩት የልጆች ጥርስ ፈተና ሆነ። ከጣሊያኖቹ ምሽግ በኩል ማታ ማታ አንድ ወታደር በማላውቀው ቋንቋ ይዘፍን ነበር፤ ቃሉን ባላውቀውም ስለ እናቱ ይመስለኝ ነበር። በዚህ ሁሉ መካከል ቤት ዋጋው ተሰቀለ። ፍየል ያደረባት ጎጆ ሳትቀር ተጠርጋ ለኪራይ ወጣች።

በላቸው የሚባል ደላላ ያዝሁ። በላቸው አንድ ወታደር የጣለውን ካኪ ኮት ያለ ቁልፍ ለብሶ በላዩ ነጠላ የሚያጣፋ፣ ረጅም፣ ሲሄድ እንደ ሽመላ የሚረማመድ ሰው ነበር። አንደኛ ያሳየኝ የቆርቆሮ ክዳን ያለው ቤት ነበር። ዋጋውን ሲነግረኝ ቀልድ መስሎኝ ጠበቅሁ።

«ይኸ ቤት አይደለም፣ ደብተራ! ይኸ ሹመት ነው!»

«ሲዘንብስ አያንኳኳም?»

«ያንኳኳል እንጂ! አንተ የማሕሌት ሰው አይደለህ? ከበሮ በነጻ ሲመታልህ ምን ይከፋሃል?»

ሁለተኛው አዲስ የተመረገ ጎጆ ነበር። መዳፌን ግድግዳው ላይ ባሳርፍ ጣቶቼ እንዳሉ ታትመው ቀሩ። በላቸው የእጄን ቅርጽ ትክ ብሎ አየና፣ «እጅህ ጉልበት አለው» ብሎ አለፈው። ሦስተኛው እውነትም አሮጌ፣ እውነትም ደረቅ፣ እንደ ልቤ የሆነ ቤት ነበር፤ ነገር ግን ከውስጡ የአንድ አስካሪ በቅሎ ታስራለች። «በቅሎዋስ?» አልሁት። «በቅሎዋ ዝምተኛ ናት» አለኝ። እንዲህ እያልን ሳምንታት ዞርን፤ ምን ያህል ሳምንት እንደ ሆነ አላስታውስም፤ ከዓባይ ማዶ ያለው ደመና በየቀኑ እየጠቆረ መሄዱን ግን አልረሳውም። ደመናውን ባየሁ ቁጥር የአያ ተገኘ ጅራፍ ትዝ ይለኛል።

በመጨረሻ በላቸው ከከተማው ወጣ አድርጎ፣ ከኬላው ውጭ የግማሽ ሰዓት መንገድ ያህል ወሰደኝ። ኬላ የምለው በአዲሱ መንገድ ላይ ዘብ የሚቆምበትን፣ ይለፍ ወረቀት የሌለው ሰው ወደ ከተማ የማይገባበትን መዝጊያ ነው። እዚያ እማሆይ ማለፊያ የሚባሉ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ ቆብ የደፉ ሴት ይኖሩ ነበር። ቀሪ ዕድሜያቸውን ግሽ ዓባይ ከጠበሉ አጠገብ ለመጨረስ ስለ ፈለጉ ቤታቸውን ሊሸጡ ተነሥተዋል። ገና እንደ ገባሁ ልቤ ዐረፈ። ምሰሶው ጽድ ነው፤ ጠፈሩ በጢስ ጠቁሮ እንደ ቀለም ያብለጨልጫል፤ ማሠሪያው ልጥ ከእንጨቱ ጋር አንድ አካል ሆኗል። አያ ተገኘ እንዳስተማሩኝ ምሰሶውን በጥፍሬ ጫር ጫር አደረግሁ፤ ግድግዳውን አሸተትሁ።

«ምነው ልጄ፣ ግድግዳ ታሸታለህ? ወጥ መሰለህ?» አሉኝ እማሆይ።

«አማቴ አሽትት ስላሉኝ ነው። ባለቤቴ ልትወልድ ነው፤ እርጥብ ቤት እንዳልወስድባት ነው።»

ይህን ስል ፊታቸው ተለወጠ። ወደ መደቡ ወሰዱኝና በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። «ልጆቼን ሁሉ እዚች ላይ ወልጃለሁ። አንዱም በብርድ አልታመመ። ለምሽጉ ማገዶ የሚገዙ ሰዎች መጥተው የተሻለ ዋጋ ሰጥተውኝ ነበር፤ ቤቴ ወጥ እንዲሠራበት አልፈልግም ብዬ መለስኋቸው። ለሚኖርበት ሰው ነው የምሸጠው።»

በምን እንደ ገዛሁት እርግጠኛ አይደለሁም። እኔ በጠገራ ብር ይመስለኛል፤ ትርንጎ ደግሞ እናቷ በሰርጋችን የሰጠቻት ጊደር ናት የተሰጠች ትል ነበር፤ ስለ ጊደሯም ስታወራ ዓይኗ ስለሚረጥብ እሷን ማመን ይቀለኛል። ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ቃል ተጋብተን፣ ተመራርቀን ተለያየን። በማግስቱ ወደ ገጠር ለሚሄድ ነጋዴ «አሮጌ ቤት ገዝቻለሁ፤ ይምጡ» ብዬ ለአያ ተገኘ መልእክት ሰደድሁ።

እንግዲህ እማሆይ ዕቃቸውን እስኪሸክፉ ጥቂት ቀን ሰጥቼ አንድ ጠዋት ሰሌኔንና መጻሕፍቴን ተሸክሜ፣ ዶማ ተውሼ ሄድሁ። ጎርፍ እንዳይገባብኝ በቤቱ ዙሪያ ቦይ መቆፈር ጀመርሁ። ጓሮው ውስጥም ለጎመንና ለጌሾ የሚሆን መደብ ለካሁ። እማሆይ ብቅ ብለው ለረጅም ጊዜ ሲመለከቱኝ ቆዩ።

«ምን እየሠራህ ነው፣ ልጄ?»

«ቦይ እየቆፈርሁ ነው፣ እማሆይ። ክረምት መጣብን።»

«ለምኑ?»

«ለቤቴ ነዋ!»

«ቤትህንማ ታነሣው የለም እንዴ? እኔ ደግሞ ነገ ትመጣ፣ ከነገ ወዲያ ትመጣ እያልሁ ሰው ይዘህ እስክትመጣ እጠብቃለሁ።»

«አንሥቼ ወዴት እወስደዋለሁ?»

«እኔ ምን ዐውቄ! ወደ ቦታህ ነዋ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። በጎጃም ገጠር መሬት የዘር ርስት ነበር፤ ከዘሩ ላልተወለደ ሰው አይሸጥም። ቤት የሸጠ ሰው የሸጠው እንጨቱን፣ ክዳኑንና በሩን ነው፤ ገዢው አፍርሶ ወይም አንሥቶ ይወስዳል፤ መሬቱ ለባለ ርስቶቹ ይቀራል። ይህን እኔ ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም፤ የተወለድሁበት አገር ሥርዓት ነው። ነገር ግን ስንት ጊዜ ሙሉ በበላቸው ኋላ ስከተል፣ ቤትና ቦታ ባንድነት በሚሸጥበት፣ ሁሉም ነገር ከነግቢው በሚጠራበት ከተማ ስዞር ከርሜ የገዛ አገሬን ሥርዓት ከአእምሮዬ አውጥቼዋለሁ። እማሆይም ቢሆኑ የባላገር ልጅ ይህን ይስታል ብለው እንዴት ያስቡ? የሆነውን ሲረዱ ምሰሶውን ተደግፈው ሳቁ፤ ቆባቸው እስኪዘም ሳቁ። «የማን አገር ሰው ነህ፣ ልጄ? አፈሩንም ልትሸከምብኝ ነበር?» አሉኝ። በላቸውን ፈልጌ ስጮህበት ደግሞ ኮቱን አራግፎ፣ «እኔ ቤት አገኘሁልህ፤ መሬት ፈልግልኝ መች አልኸኝ?» አለኝ።

ሜሮን እዚህ ላይ ስደርስ፣ «ታዲያ የኛስ ያው አይደል?» ብላኛለች። ያው አይደለም፤ የእሷን ቤት ማንም አንሥተሽ ውሰጂ አይላትም። የኔን ግን ማንሣት ነበረብኝ። መልእክቴም ደርሷል፤ አያ ተገኘ እየመጡ ነው።

ያን ቀን አመሻሹ ላይ ለየኔታ ተናዘዝሁ ማለት እችላለሁ። የኔታ አጎዛቸው ላይ ጋደም እንዳሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ፤ የተኙ መሰለኝ።

«ከጎጆዬ ጀርባ ቃሪያ የማበቅልባት ቦታ አለች» አሉ በመጨረሻ። «ደብሩ የሰጠኝ ድርሻ ናት። ቤትህን እዚያ አቁመው።»

«የኔታ፣ ምን ልክፈልዎ?»

«ከጓዳህ የሽሮ ሽታ በመጣ ጊዜ በርህን እንዳትዘጋብኝ።»

ቦታ ተገኘ፤ ቦታው ግን ከኬላው ውስጥ ነው፤ ቤቱ ከኬላው ውጭ። አፍርሶ መውሰድም አይሆንም፤ በጢስ የጠነከረው ልጥ ከተፈታ ተመልሶ አይታሰርም፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የተፈታ እንጨት ይዞ በኬላው የሚያልፍ ሁሉ ለምሽጉ ሥራ ይነጠቅ ነበር። ይህን ሁሉ ሳሰላስል አያ ተገኘ የመንደራቸውን ወንፈል በሙሉ አስከትለው ደረሱ። በእርሻና በአጨዳ የሚረዳዱ ጎልማሶች ናቸው፤ ከአርባ አያንሱም ብል ብዙ አልሳሳትም። አያ ተገኘ ሰላምታዬን ሳይመልሱ ወደ ውስጥ ገቡ፤ ምሰሶውን ጫሩ፤ ግድግዳውን አሸተቱ፤ መደቡ ላይ ተቀምጠው ተነሡ። ከዚያ እማሆይ ታሪኩን ነገሯቸው። እኔ መሬት መሬት አያለሁ።

«ቤቱ ደኅና ነው» አሉ አያ ተገኘ። «ሰውዬው ነው ጉዱ።» ወንፈሉ በሳቅ ፈረሰ። ቀና ብለው ደመናውን አዩና፣ «በሉ እንግዲህ፤ የተፈታ እንጨት የሚነጠቅ ከሆነ ሳይፈታ ይሄዳል» አሉ።

ጣራን እንዳለ ማንሣት በገጠራችን አዲስ ነገር አይደለም፤ አሮጌ ግድግዳ ሲለወጥ ይደረጋል። በኬላ ማሳለፍ ግን የሰማ የለም። የላይኛውን ከባድ ሣር አራገፉ፤ ምሰሶውን ነቅለው ለብቻው አወጡ፤ ጠፈሩን ከግድግዳው የሚያያይዘውን ማሠሪያ ቆርጠው ረጃጅም እንጨት በሥሩ አጋደሙ። ከውስጥም ከዳርም ገቡበትና «እሆ!» ሲሉ ጣራው ከግድግዳው ተላቆ ተነሣ። ከአቧራና ከጥቀርሻ በስተቀር የሚታይ አልነበረም። ጥቀርሻው ሲበተን አርባ ጥቁር ሰዎች እግርና ጣራ ሆነው ቆመው አየኋቸው። እኔ ምሰሶውን ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር ተሸክሜ ከፊት መራሁ። አያ ተገኘ በበቅሎ ከጎን ሆነው በጅራፋቸው አቅጣጫ ያሳያሉ። አዲሱ የጣሊያን መንገድ ሰፊ ነው፤ ለጣራ የተሠራ ይመስል ልክ አከለን። አንዱ ጎልማሳ ግጥም አወጣ፦

ቤት እግር አወጣ፣ ኧረ ጉድ ዘንድሮ፣
ገበያ ይወርዳል፣ በሰው ተደርድሮ።

ገበያተኛው እየሠገረ ተከተለን። ጨው የጫነች አህያ ጣራ ሲመጣባት አይታ ገደል ልትገባ ደረሰች። ከኋላችን አንድ ካሚዮን መጥቶ ጡሩንባውን ነፋ፤ የሚተላለፍበት ስፍራ የለም፤ ነፍቶ ነፍቶ ሲታክተው በእግረኛ ፍጥነት ይከተለን ጀመር፤ ነጂውም ከነረዳቱ ወጥቶ ደረጃው ላይ ቆሞ ይመለከታል። እንዲህ ሆነን ኬላው ደረስን።

ዘቦቹ መጀመሪያ ጠመንጃቸውን አነሡ፤ ቀጥለው እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሹማቸው ከድንኳኑ ወጣ፤ ወጣት ነው፤ ፂሙን በጥንቃቄ የተላጨ፣ ልብሱ የተተኮሰ። አስተርጓሚው ጎን ጎኑ መጣ።

«ይኸ ምንድን ነው?» አለ አስተርጓሚው።

«ቤት ነው» አሉ አያ ተገኘ ከበቅሏቸው ወርደው።

«ወዴት ይሄዳል?»

«ወደ ባለቤቱ።»

«ይለፍ ወረቀት አለው?»

«ጌታው፣ ቤት ከየት ሄዶ ወረቀት ያወጣል? እስከ ዛሬ ከተቀመጠበት ተነሥቶ አያውቅም።»

«ከሥሩ ያሉት ሰዎችስ? ወጥተው አንድ ባንድ ይታዩ ይላል።»

«ይውጡ ካላችሁ ይወጣሉ። ቤቱ ግን እዚሁ ኬላችሁ ላይ ይቀመጣል። ከተቀመጠም ደግሞ በኛ አገር ቤት ያለው ሰው እንግዳ ይቀበላል፤ እናንተንም ምሳ እናበላለን።»

አስተርጓሚው ከመተርጎሙ በፊት ሳቀ። ሹሙ ምን እንደ ተባለ እስኪነገረው ሲጠብቅ ከኋላ ያለው ካሚዮን እንደ ገና ጡሩንባውን ነፋ። ያን ጊዜ ሹሙ ራሱ ጎንበስ ብሎ ከጣራው ሥር ተመለከተ። የሚታየው የፊተኛው ረድፍ እግር ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጨለማ ነው። ይህን ሲያደርግ ከጠፈሩ አንድ እፍኝ ጥቀርሻ ወርዶ በተተኮሰው ልብሱ ላይ፣ በአፍንጫውም ጫፍ ላይ ዐረፈ። ሹሙ ቀና አለ፤ አፍንጫውን በጣቱ ነካ፤ ጣቱን አየ፤ ከዚያም ሳቀ። እንደ ማንም ሰው፣ እንደ ጎረምሳ ሳቀ። መዝጊያው እንዲነሣ በእጁ አመለከተ። መዝጊያው ተነሥቶም ጣራው አልገባም፤ በዳርና ዳሩ ምሰሶ መካከል ያለው ስፍራ ጠባብ ነበር። ዘቦቹ ራሳቸው አንደኛውን ነቅለው አሳለፉን። ለሣር ቤት ኬላ ተነቀለ እየተባለ በቡሬ ገበያ ለብዙ ጊዜ ሲወራ ኖሯል።

አሁን ያ ነጥብ ላይ ደርሻለሁ። ኬላውን እንዳለፍን ወንፈሉ በደስታ ሲጮህ፣ ከጣራው ሥር አንዲት ሴት ግጥም ስታወጣ የሰማሁ ይመስለኛል፦

ምሰሶው ከፊት ነው፣ ማገሩ ከኋላ፣
እኔን ማን ያየኛል፣ ከጣራዬ ጥላ።

ያን ጊዜ እማሆይ ናቸው ብዬ አለፍሁት፤ ምሰሶው ትከሻዬን ስለ ቆረጠው መዞር አልቻልሁም። ግጥሙን ትርንጎ ኋላ ለልጆቿ ስታንጎራጉርላቸው ስለ ኖረች ቃሉን ከዚያ ወስጄ በዚህ ቀን ላይ ለጥፌው ሊሆን እንደሚችልም አውቃለሁ።

የየኔታን ቃሪያ በጥንቃቄ አፍልሰን፣ ግድግዳውን ከጣራው ሥር ደብቀን ባሳለፍነው አሮጌ እንጨት አቁመን፣ በእርጥብ ጭቃ ፈንታ በደረቅ ሣር ጠቅጥቀን፣ ጣራውን አሳርፈን፣ ምሰሶውን ሥር ሰደን ስንጨርስ የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ ጠብ አለ። እኔ ወንፈሉን ጠላ ለማጠጣት ወደ ጎረቤት ሮጥሁ። ስመለስ በአዲሱ ቤቴ በር ጎንበስ ብዬ ገባሁ፤ ትርንጎ ከምሰሶው ሥር፣ በተገለበጠ ቅርጫት ላይ ተቀምጣ ነበር። ፊቷ በጥቀርሻ ጠቁሯል።

«ዘገየህ» አለችኝ።

«አንቺ! ይለፍ ወረቀት የለሽ፤ በየት ገባሽ?»

«ከቤቴ ጋር መጣሁ።»

ዘወር ብዬ አያ ተገኘን አየሁ። አያ ተገኘ በሩ ላይ ቆመው ዝናቡን ያያሉ። «ኬላውን አዙሬ፣ በደብሩ መቃብር በኩል በበቅሎ አስገባኋት» አሉ። «ነፍሰ ጡር ልጄን ከወንድ መካከል አስገብቼ በመንገድ የማስነዳ ሰው አድርጋችሁ እንዳትቆጥሩኝ።» እስኪሞቱ ድረስም ቃላቸውን አልለወጡም። ፊቷ ስለ ምን ጠቆረ ብላቸው፣ «ቤት ውስጥ ገብታ ነዋ! ሁላችንስ መች ነጣን?» አሉኝ። መልሱ ትክክል ነው፤ ሁላችንም ጠቁረን ነበር። ወንፈሉን ብጠይቅ ግማሾቹ አይተናል አሉ፤ ግማሾቹ ከፊቴ የነበረውን ሰው ጀርባ እንጂ ሌላ አላየሁም አሉ። ልጃችን፣ የሜሮን አባት፣ ክረምቱ ሳይወጣ እዚያ ተወለደ፤ አያ ተገኘም ወንዙ ሞልቶባቸው መስከረም ላይ መንገዱ ሲደርቅ መጥተው አዩት። ይህን ስታስታውስ ትርንጎ ሁልጊዜ ትስቅ ነበር።

ሜሮንና ባሏ ያን የባሕር ዳር ቤት ገዝተውታል። ባለፈው እሑድ ጠፈሩን ቀና ብዬ ሳይ ትዝ ያለኝን አንድ ነገር ጽፌ ላብቃ። ከብዙ ዓመት በኋላ የቡሬውን ቤት ክዳን ስናስቀይር ከውስጥ ሆኜ ወደ ጉልላቱ ስመለከት፣ ጣራው ግድግዳው ላይ ሳለ ሰው ፈጽሞ በማይደርስበት ስፍራ፣ በትከሻ ሲሄድ ግን የሰው ራስ በሚነካው ስፍራ፣ ከሁለት ጠፈር መካከል የተያዘ የነጠላ ጥለት የሚመስል ቁራጭ አየሁ። መሰላል አምጥቼ ወጣሁ። መሰላሉን የያዘችልኝ ትርንጎ ነበረች።

«ውረድ» አለችኝ።

«ልየው እንጂ።»

«ጥለት ሆኖ ከተገኘ አባቴን ዋሾ ታደርግብኛለህ። ጥቀርሻ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ እኔን። ውረድ ብዬሃለሁ፤ መሰላሉን ልለቀው ነው።»

ወረድሁ። በዚያው ቀን ሣሩ ከላይ ተከደነበት፤ ከታችም ጢሱ ለብዙ ዓመት ለበሰበት። ቤቱ ዛሬ የለም። ስለዚህ ጥለት ይሁን ጥቀርሻ አላረጋገጥሁም።